ምች አይደለም ያልኩ ዕለት

አክስቴ ዝም ካለች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። መንደሯ ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ እያረመች፣ ቀና ሳትል፣ ማዶ ማሳ ላይ ያለውን ሰው ትተርበዋለች። የተተረበው ሰው እየሳቀ ነው የሚያርመው። ወንፈል ሲጠራ፣ ማለትም ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እየተባባሉ በየተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ሊያርሙ ሲሰበሰቡ፣ ሁሉም ከእሷ ጎን መሰለፍ ይፈልጋል። ከእሷ ጎን ቀኑ ቶሎ ይመሻላ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ወረታ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ግን ክረምቱን እሷ ዘንድ ነው የማሳልፈው። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ ለአረም ነው።

"ነይ እስኪ፣ ያችን እግርሽን አሳዪኝ" ትለኛለች ገና ከመንገዱ ወርጄ ጭቃውን ሳልሻገር። "አየሽው? አስፋልት አልጫ አድርጎታል። ይህ እግር እኮ ውሃ ሲያይ ይደነግጣል።"

"እግሬን ተዪውና ምሳ ስጪኝ፣ እታለም።"

"ምሳማ ለሠራ ሰው ነው" ትላለች፤ እያለች ግን ሞሰቡን ትከፍታለች።

ከወረታ ይዤው የምመጣውን ነጭ አንሶላም አትምረውም ነበር። "ቁርበት የጠላ ገላ! ሙሽሪት፣ ሚዜሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" እኔም በየዓመቱ አንሶላዬን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ሆን ብዬ ይዤላት እሄዳለሁ። የምትተርበው ነገር እንዳታጣ።

በዚያ ክረምት ግን ከአንሶላው ሌላ አዲስ ነገር ይዤ ነበር የሄድኩት፤ መጻፍ። እስከዚያ ድረስ ድርሰት ጻፉ ሲባል ሰበብ ፈልጌ ከክፍል የምወጣ ልጅ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ከገባሁ በኋላ አንዲት ነርስ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ልታስተምረን መጣች። ብዙ ነገር ነገረችን፤ እኔ ላይ የቀረው ግን አንዱ ነው። አልፎ አልፎ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ለሌላው ሰው ፈውስ የሆነውን መድኃኒት የአንዱ ሰው ገላ አልቀበልም ይላል አለች። መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለት በሦስት ሳምንቱም ሊመጣ ይችላል፤ ሲጀምር ጉንፋን ነው የሚመስለው። ከዚያ ዓይን ይቀላል፣ አፍ ውስጥ ይቆስላል፣ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና እሳት እንደ ነካው ይላጣል። ያልታወቀበት ሰው ይሞታል፤ የተረፈውም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ለሚኒ ሚዲያ እንድጽፈው ተመደብኩ። ሁለት ሉክ ወረቀት ሞላሁ። የአማርኛ መምህሬ አነበቡትና፣ "ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ በፀሐይ ቆሞ የሚሰማሽ የለም" አሉኝ። "ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደውን ያህል ብቻ አስቀሪ።" ቆረጥኩት፣ ቆረጥኩት፣ በመጨረሻ ይህ ብቻ ቀረ፦

መድኃኒት በወሰዳችሁ ሰሞን አራቱ አብረው ከመጡ ተጠንቀቁ፤ ትኩሳት፣ የቀላ ዓይን፣ የቆሰለ አፍ፣ የሚያቃጥል ቆዳ። መድኃኒቱን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያው አነበብኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ "አራቱ" ላይ ስደርስማ ጭራሽ ቀጠነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። በግቢው ሳልፍ "አራቱ መጣች!" ነው። "አራቱ፣ ዛሬ ስንተኛው ነው ያመመሽ?" አለቀስኩ እንዳልል ኮርቻለሁ፤ ኮራሁ እንዳልል አልቅሻለሁ። ግን እኔ የጻፍኩትን ሰው በቃሉ ያዘው እኮ! ቢያሾፉብኝም በቃላቸው ነበር የሚያሾፉብኝ።

ለአክስቴ ነገርኳት። ምን ነክቶኝ እንደ ነገርኳት አላውቅም። በማግሥቱ ወንፈሉ መሃል፣ ሰው ሁሉ በተደረደረበት፣ እንዲህ አወጣች፦

"አራቱን በሽታ ስትቆጥር ትውላለች፣
ሩዝ መሃል ስትገባ ሩዙን ትነቅላለች።"

ማሳው በሳቅ ተናጋ። እውነቷን ነበር፤ ሩዝ የሚመስለውን አረም ከሩዙ መለየት አቅቶኝ በእጄ የያዝኩት ሙሉ ሩዝ ነበር። እንግዲህ ቁሐርም ውስጥ ስሜ "አራቱ" ሆነ።

ነገሩ የሆነው ፍልሰታ ተፈትቶ ሁለተኛው አረም በተጀመረ ሰሞን ነው። ደመና የዋለበት ቀን ነበር፤ ከሰዓት ላይ ድንገት ተገለጠና ያቺ የክረምት ፀሐይ ወረደች፤ ከዝናብ በኋላ የምትመጣዋ፣ አናት የምትበሳዋ። አክስቴ ከማሳው ወጣች። ወጣች ስል፣ ሥራው ሳያልቅ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ማንንም ሳትተርብ። "ራሴን" አለች፤ እግሯን ታጥባ ቤት ገባችና ተኛች። ስነካት እንደ ምጣድ ትፋጃለች።

በማግሥቱ ከንፈሯ ቆሰለ። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገሩ ግልጽ ሆነ። ትኩሳት ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ነው፤ ምች ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን? ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት፣ እማማ የምላቸው፣ ተጠሩ። የምች መድኃኒት በእሳቸው እጅ ነው ይባልላቸዋል፤ ስንት ሰው አሽተው አስነሥተዋል። እኔንም ሕፃን ሆኜ አሽተውኛል። ዳማከሴውን ከጓሯቸው ቆርጠው መጡ፤ ጨምቀው አጠጧት፣ ግንባሯን አሹላት፣ ከዚያም የሁላችንም እናቶች የሚያዙትን አዘዙ።

"በሩን ዝጉ፤ መስኮቱንም ድፈኑት። ምች ፀሐይ አይወድም፣ ነፋስም አይወድም። ጋቢ ደራርቡላት። መርፌ እንዳታስወጓት፤ ምች መርፌ ካገኘው ይገላል።"

ጓዳው ጨለመ። አክስቴ ከመደቡ ላይ፣ ከጋቢ ሥር፣ ከጨለማው ውስጥ ቀረች።

ገላዬ አቃጠለኝ ስትል የአክስቴ ባል፣ እኔ አያ ነው የምላቸው፣ "የሩዙ ውሃ ነው" አሏት። "ማንን ያላሳከከ? የእኔን እግር አታዪውም?" ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል ስትል፣ ውሃ ሲጣድ ቤቱን የሞላው ጭስ ነው ተባለ። ጉሮሮዬ ስትል ብርድ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ሕመሟ የራሱ መልስ ነበረው። መልሶቹም ልክ ይመስሉ ነበር፤ ለእኔም ጭምር። የሩዝ ውሃ በእርግጥ ያሳክካል። ጭስ በእርግጥ ዓይን ያቀላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወተት አፍልቼ ይዤላት ገባሁ። እየተሸከምኩት በመጣሁበት ጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ ላዩ ላይ ስልባቦት ጋግሯል። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

"እታለም፣ ትንሽ ቅመሺለት።"

ቀና አለች፣ ጽዋውን ወደ አፏ አስጠጋች፣ መለሰችው። እንደ ሕፃን ነው የመለሰችው፤ በእጇ ጀርባ ገፍታ። ላስቃት ፈለግሁ።

"ዛሬስ እግሬን አትሰድቢውም? ይኸው ታጥቤ መጥቻለሁ። አልጫ ነው፣ እዪው።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቴ! እግሬን ከፊቷ ዘርግቼላት፣ ዝም!

ቆይታ በሹክሹክታ ጠራችኝ። አፏን ሳትከፍት ነበር የምትናገረው፤ ቃላቱ በጥርሶቿ መሃል ነበር የሚወጡት።

"ለአያ እንዳትነግሪ። ሽንቴን ደግሞ እንደዚያኛው ጊዜ አቃጠለኝ። ከመቀነቴ ጫፍ ክኒን ተቋጥሮ አለ፤ አንዷን ስጪኝ።"

"የምን ክኒን?"

"ፍልሰታ ሳይገባ ሲያቃጥለኝ ከጤና ጣቢያ የሰጡኝ ነዋ። ሻል ሲለኝ ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ብዬ ቋጠርኩት። ትናንት መልሶ ሲነሣብኝ አንዷን ዋጥኩ።"

መቀነቷን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ቋጠሮውን በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ጭላንጭል ስፈታ እጄ ላይ ነጫጭ ክኒኖች ወጡ። እያየኋቸው አንድ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጮህ። የራሴ ድምፅ ነበር። መድኃኒት በወሰዳችሁ ሰሞን።

ትኩሳት፤ አላት። ዓይን፤ አሸዋ ገባበት ብላለች። አፍ፤ ወተት እንኳ አልገባላትም። ቆዳ፤ አቃጠለኝ ብላለች። አራቱም እዚያው መደብ ላይ ነበሩ። አንዱን ለፀሐይ፣ አንዱን ለጭስ፣ አንዱን ለሩዝ ውሃ፣ አንዱን ለብርድ አከፋፍለናቸው ስለ ነበር አንድ ላይ አላየናቸውም። ሽንቷም ያቃጠላት የድሮው በሽታ ተመልሶ ላይሆን ይችላል፤ አፏ ውስጥ የቆሰለው ነገር እዚያም ቆስሎ ቢሆንስ? ነርሷ "አፍ፣ ዓይን፣ እርጥብ የሆነው ገላ ሁሉ" ብላ ነበር፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ ሲንሾካሾኩ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ክኒኖቹን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

"አልሰጥሽም፣ እታለም።"

"ምን?"

"አልሰጥሽም። ይኸው ኪሴ ገቡ። ስትድኚ ተቆጪኝ።"

ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት ከከንፈሯ ትኩስ ደም እጄ ላይ ጠብ አለ።

በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን አዲስ የተቀጠፈ ዳማከሴ ይዘው ገቡ፤ አያም ከኋላቸው። እማማ በጨለማው ዳብሰው ከአጠገቧ ተቀመጡ። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ላብ ያወጣሻል" እያሉ ትከሻዋን ማሸት ጀመሩ። አክስቴ ጮኸች። እማማ እጃቸውን በድንጋጤ አነሡ።

"ምንድን ነው የነካሁት? አንዳች ነገር ከእጄ ጋር ተንሸራተተ።"

"በሩን ክፈቱት" አልኩ።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። በጨለማው ዓይናቸው አይታየኝም፤ ድምፃቸው ግን በቂ ነበር። "አብደሻል? ፀሐይ እንዲመታት ነው?"

"ምች አይደለም።"

"ማን አለ?"

"እኔ።"

በዚያ ቤት በዚያ ዕድሜዬ ታላቅ ሰው የተናገረውን አይደለም ብዬ አላውቅም። ብሳሳትስ? በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ገብቶ አንድ ነገር ብትሆን፣ ዕድሜ ልኬን "አክስቷን ፀሐይ ያስመታች" እባላለሁ፤ እሱ ይቅር፣ እሷ ትሞትብኛለች። ዝም ብልም ትሞትብኛለች።

"ምችን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አሉኝ እማማ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ጥያቄ ነበር።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ። ለዚህ እኮ ነው በብርሃን እዩልኝ የምለው። በብርሃን አይተው ምች ነው ካሉኝ በሩን እኔው እዘጋዋለሁ፤ ሁለተኛ ቃል አይወጣኝም።"

እማማ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ሲያሻሹ ሰማሁ። ከዚያ፣ "ክፈተው፣ ልጄ" አሏቸው አያን። "ክፈተው፤ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።"

በሩ ተከፈተ።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም፤ አክስቴ ይህን አስነብባ ትሰማዋለችና። ዓይኖቿ በርበሬ መስለው አብጠው ተጣብቀዋል። ከንፈሯ ጥቁር የደም ቅርፊት ለብሷል። ደረቷና አንገቷ ላይ መሃላቸው የጠቆረ ቀያይ ነጠብጣቦች ፈስሰዋል፤ አንዳንዶቹ ውሃ ቋጥረዋል። እማማ ያሹት ትከሻ ላይ ደግሞ ቆዳው ተሸብሽቦ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቧል። ከጎኔ ያለውን ጽዋ አየሁ። ቆዳዋ ልክ እንደ ስልባቦቱ ነበር፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት እንደሚሸሸው።

አያ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እማማ ግን ቀርበው፣ ሳይነኩ፣ ከዓይኗ እስከ ብብቷ ድረስ አዩአት። በእጃቸው የነበረውን ዳማከሴ ይዘው ወጡና ደጅ ጥለውት ተመለሱ።

"ምች ከንፈር ላይ ይወጣል እንጂ ዓይን ውስጥ አይገባም። ቆዳም አይገፍም። ይህን እኔ አላውቀውም፤ የማላውቀውን ደግሞ አላሽም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ታውቂው እንደሁ ንገሪን።"

ነገርኳቸው። ረጅም ንግግር አልነበረም። ያቺው የሚኒ ሚዲያዋ ናት፤ ግን ድምፄ አንድም ጊዜ አልቀጠነም።

በዚያ ቀን ወንፈሉ የአክስቴ ተራ ነበር። ደጁ ላይ ሰዎቹ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ለአረም የመጡ ናቸው። አያ ወጡና ሊነግሯቸው ሞከሩ፤ አልቻሉም። እማማ ነገሩላቸው። "ለምን እንቆማለን?" አለ አንዱ፤ ሌላው ቃሬዛ ሊያመጣ ሮጠ። ለሩዙ የተጠራ ጉልበት ሁሉ ለእሷ ሆነ።

አንዲት ሴት ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ መጣች፤ ቁስሉን ያለሰልሳል ብላ። "ምንም አንቀባም፣ የቋጠረውንም አናፈርጥም" አልኳት። ቅር አላት፤ ግን ሰማችኝ። ጋቢው ሻካራ ነው፣ ቁርበቱማ አይታሰብም። ያን ጊዜ አንሶላዬ ትዝ አለኝ። ነጩን፣ የታጠበውን፣ የሙሽሪቷን። ቃሬዛው ላይ ዘርግተን አክስቴን በላዩ አስተኛናት፤ ተርፎ በተንጠለጠለውም ሳብ አድርገን ሳንጫናት አለበስናት። ምች ባይሆንም ፀሐይ አያስፈልጋትምና እኔ ጃንጥላ ይዤ ከራሷ በኩል ሄድኩ።

ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ውጦታል። እግር ሲገባ ይይዛል፤ ሲወጣ ጫማ ያስቀራል። ቃሬዛውን የያዙት እየተቀባበሉ፣ ቀስ እያሉ፣ እርስ በርስ እየተቆጣጠሩ ይሄዳሉ።

"ቀስ በል አንተ! በሬ የምትነዳ መሰለህ?"

"አንተ ራስህ ወዲያ አዘንብለሃል። አራቱ! ጥላውን ወደዚህ አድርጊው፣ ፊቷን ፀሐይ አገኘው።"

"ይህን ጊዜ ብትናገር ኖሮ የሁላችንንም እግር ሰድባ ትጨርስ ነበር" አለ ከፊት ያለው፣ ዕድሜ ልኩን በእሷ ሲተረብ የኖረ ሰው። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ጆሮአችንን ወደ ቃሬዛው አደረግን። አልመለሰችም።

መንገዱ ላይ ከሐሙሲት የሚመጣ ሚኒባስ ቆመልን። ተሳፋሪዎቹ ሲያዩአት ማንም ሳይጠይቃቸው ወንበሩን ለቀው ወረዱ። ወረታ ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም አንሶላውን ገለጥ አድርጎ አየና የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦

"ምን መድኃኒት ወስዳለች?"

"ኧረ ምንም አልወሰደች" አሉ አያ። "ዳማከሴ ብቻ ነው።"

ክኒኖቹን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መቼ እንደ ጀመረች፣ መቼ እንደ ተወች፣ መልሳ መቼ እንደ ዋጠች ነገርኩት። አንዷን አንሥቶ አያት። "ኮትሪሞክሳዞል" አለ ለነርሷ። ከዚያ ወደ እኔ፦ "ማን ነው ያስቆማት?"

"እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ልትደግም ስትል።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ጽፌው ነበር" አልኩት።

መልሱ ግራ ሳያጋባው አልቀረም፤ ግን ፈገግ አለ። ወደ አያ ዞሮ፣ መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ደኅና እንደሆነ፣ የእሷ ገላ ግን እንደማይቀበለው፣ ብትደግመው የከፋ ይሆን እንደነበር አስረዳቸው። እንደ እሳት ቃጠሎ ነው የምትታከመው፣ ባሕር ዳር መሄድ አለባት አለ። "ትድናለች?" ሲሉት አንሶላውን መልሶ አለበሳትና፣ "በጊዜ አምጥታችኋታል። ከዚህ በላይ ዛሬ ማለት አልችልም። ለዓይኗም እሰጋለሁ" አላቸው። በዚያው ቀን አምቡላንስ ይዟት ሄደ፤ እዚያው ወረታ ካለው ቤታችን የደረሰችው እናቴና አያ አብረዋት ሄዱ። እኔ ግቢው ውስጥ ባዶ ጃንጥላ ይዤ ቀረሁ።

ቁሐር ተመለስኩ። ላሞቹ አሉ፣ ቤቱ አለ፣ ሩዙ አለ። የወንፈሉ ሰዎች ያን ቀን የቀረውን የአክስቴን ማሳ ሊያርሙ ሌላ ቀን መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ገባሁ። ማሳው ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ብቻ ይሰማል። እንደዚያ ዓይነት ረጅም ቀን አይቼ አላውቅም። አረሙን ከሩዙ ለይቼ ስነቅል ዋልኩ፤ አንድ ሩዝ እንኳ አልነቀልኩም። ያንን የምታይልኝ ግን አልነበረችም።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ዛሬ በቱቦ ምግብ ወሰደች። ዛሬ ዓይኗን አጠቡላት። ዛሬ ትኩሳቱ ተመለሰ። ዛሬ ያው ናት። ስልኩ ሲጮህ እማማ ከጓሯቸው ሥራቸውን ጥለው ይመጡና አጠገቤ ይቆማሉ፤ ስዘጋው ምን አሉ ሳይሉ ፊቴን አይተው ይመለሳሉ።

አንድ ከሰዓት ላሞቹን ውሃ እያጠጣሁ ስልኩ ጮኸ።

"ያዢ" አለች እናቴ።

ከዚያ አንድ የሻከረ፣ የደከመ፣ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋ ድምፅ መጣ።

"ሩዜን ነቅለሽ ጨረስሽው አይደል?"

ጩኸቴን ሰምተው እማማ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። ሞተች ብለው ነው የመጡት። እንዳልሆነ ሲያውቁ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሚካኤልን አመሰገኑ፤ ሁለታችንም አለቀስን፤ ስልኩ ውስጥ አክስቴ፣ "አቤት! አቤት! ምነው፣ እውነትም ነቅላው ነው መሰለኝ!" ትላለች።

ሩዙ ዘለላ ሲያወጣ ተመለሰች። ቆዳዋ አንዳንድ ቦታ ነጣ፣ አንዳንድ ቦታ ጠቆር ብሎ ዥጉርጉር ሆኗል። ዓይኗ ተርፏል፤ ግን ያለቅሳል፣ ብርሃንም አይችልም፤ ጥቁር መነጽር ሰጥተዋታል። ከሚኒባሱ ስትወርድ መንደሩ ግማሹ መንገድ ላይ ነበር። "ምን ታፈጣላችሁ?" አለች መነጽሯን እያስተካከለች። "የሐሙሲት ሹፌር መስያችሁ ነው?" ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ምንም ሳትል እግሬን አየች። ቀና ብላ ደግሞ ፊቴን አየች። ልትተርበኝ ነው ብዬ ጠበቅኋት። አንገቴን አቅፋ ስማኝ ዝም አለች። ያቺኛዋ ዝምታ ግን አላስፈራችኝም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች፣ "ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክሽን እንዳትነኪው፤ የትም ብትታከሚ ስሙን አስቀድመሽ ንገሪ" ብለዋታል። ጽፈውም ሰጥተዋታል። አክስቴ ግን ማንበብ አትችልም፤ ወረቀት ደግሞ ክረምት ይበላዋል። ስሙንም ስትይዘው ይጠፋታል። እየደጋገምኩ አስጠናኋት።

"ኮትሪ..."

"ኮትሪ።"

"ሞክሳ..."

"ምን አባቱ ነው፣ ሰው ነው ወይስ ከተማ?"

"እታለም፣ የምር ነው!"

"የምር ነው አውቃለሁ፤ ቆዳዬን አይደል የገፈፈኝ?"

በዚያው ሳምንት ላሟ ወለደች፤ ግንባሯ ቦቃ የሆነች ቀይ ጥጃ። አክስቴ ለከብቶቿ ስም የምታወጣው ራሷ ናት፤ ማንንም አታማክርም። ጥጃዋን ረጅም ጊዜ አየቻት። "እኔ ብረሳው ሰፈሩ አይረሳውም" አለችና ስሙን አወጣችላት። አያ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ። አሁን ያች ጥጃ አድጋ ጊደር ሆናለች፤ ስሟ ኮትሪሞክሳዞል ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት ባለሙያ አንድ ቀን እረኞቹ ሲጣሯት ሰምታ የምትገባበት ጠፍቷት ነበር።

እማማም አሁን ምች ነው ተብለው ሲጠሩ መጀመሪያ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። "ክኒን ውጠሃል?" ይላሉ፤ ከዚያም በሽተኛውን ደጅ አውጥተው በብርሃን ያዩታል። ምች ከሆነ ዳማከሴው አለ። ካልሆነ ደግሞ፣ "ይህስ የአራቱ ነው፤ ተነሡ" ይላሉ። "የአራቱ" ሲሉ እኔን እንጂ በሽታውን ማለታቸው አይመስለኝም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይበራል።

ትምህርት ሲከፈት መምህሬ ታሪኩን ሰምተው ጠሩኝ። "ያኔ አሳጥሪ ብዬሽ ነበር" አሉኝ። "አሁን ግን አርዝመሽ ጻፊው።" ይኸው፣ ዘግይቼም ቢሆን ጻፍኩት። ግቢ ውስጥ አሁንም "አራቱ!" ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ረቂቁን ቁሐር ወስጄ ለአክስቴ አነበብኩላት። ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ፣ "ረዝሟል" አለችኝ። "ደግሞ የእግርሽን አልጫነት አሳንሰሽዋል።" ከዚያ ፀሐይዋ ስላዘቀዘቀች ተነሣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሜዳው ዞረች። የዳነ ጉሮሮዋን ከፍታ፣ ያን ረጅም ስም አንድም ፊደል ሳትሳሳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠራችው። ከሩዙ ማዶ፣ ከከብቶቹ መሃል፣ ግንባረ ቦቃዋ ቀና አለች።